በቁልፍ የሚከፈት ሰንጢ፦ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ማን ይይዘዋል?

ሰንጢ በአገራችን ከኪስ የማይለይ መሣሪያ ነው። መንገደኛ ብርቱካን ይልጥበታል፣ ሸንኮራ ይቆርጥበታል፣ ጓዙን ያሰረበትን ገመድ ይበጥስበታል። በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶው አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ሱቅ በደረቴዎች ከሚያዞሯቸው ጥቃቅን ሸቀጦች፣ ከማበጠሪያው፣ ከጥፍር መቁረጫውና ከእጅ ባትሪው ጎን ሰንጢ ቢገኝ የሚገረም የለም። ገዢውም ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት ከፈት ዘጋ እያደረገ ይሞክረዋል።

ሰንጢ በአከፋፈቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ስለቱ በጥፍር ተስቦ የሚከፈተው ተራው ሰንጢ ነው። ሁለተኛው በእጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ስለቱ በራሱ የሚወነጨፈው ነው። ከእነዚህ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት አለ። ይኸውም በፋብሪካ ተራ ሆኖ ከተሠራ በኋላ በእጅ ባለሙያ ተፈትቶ፣ ሞላና ቁልፍ ተጨምሮለት ወደ ሁለተኛው ዓይነት የተለወጠው ነው። ይህን የመሰለ የእጅ ሥራ በብዙ የዓለም ክፍሎች ይታወቃል። የብዙ ወጣቶችንም ዓይን ይስባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰንጢን እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ማስተማር አይደለም። ዓላማው ሰንጢ ሲለወጥ በውስጡ ምን እንደሚለወጥ በፊዚክስ ዓይን ማየት ነው። ብዙ ሰው ለውጡ የፍጥነት ብቻ ይመስለዋል። እኛ ግን ዋናው ለውጥ ሌላ መሆኑን፣ ይህንንም ማወቅ ሰንጢ በኪሱ ለሚይዝ ሰው ጣትና ጭን ትልቅ ትርጉም እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን።

ተራው ሰንጢ በኪስ ውስጥ ለምን አይከፈትም?

ተራው ሰንጢ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም ስለቱ፣ እጀታውና በእጀታው ጀርባ ላይ የተዘረጋው ጠፍጣፋ ሞላ ናቸው። ስለቱ በአንድ ችንካር ዙሪያ ይዞራል። በእጀታው ውስጥ የሚቀረው የስለቱ ግርጌ ፈጽሞ ክብ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ጎኖችና ማዕዘን አሉት። ስለዚህ ስለቱን ለመክፈት ስንስበው የግርጌው ማዕዘን የጀርባውን ሞላ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሞላው ይለጠጣል፣ ይቃወማል። ግማሽ መንገድ ካለፍን በኋላ ግን ያው ሞላ ስለቱን ወደ ክፍት ቦታው ይገፋልናል። ‹‹ቀጭ›› የሚለው ድምፅ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ዓይነቱ የጀርባ ሞላ ያለው ሰንጢ በእንግሊዟ ሼፊልድ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተስፋፍቷል።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ሁለት ሸለቆዎችንና በመካከላቸው ያለ ኮረብታን እናስብ። ኳስ በአንደኛው ሸለቆ ውስጥ ቢቀመጥ ነካ ነካ ቢያደርጉት እንኳ ተንከባሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወደ ሌላው ሸለቆ ለመሻገር ኮረብታውን የሚያስወጣው ሰው ያስፈልገዋል። የተዘጋው ሰንጢ አንደኛው ሸለቆ፣ የተከፈተው ደግሞ ሁለተኛው ሸለቆ ነው። በመካከሉ ያለው ኮረብታ የሞላው ተቃውሞ ነው። ኮረብታውን የሚያሻግረው የእኛው እጅ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። የፊዚክስ መምህራን ይህን ሁኔታ ‹‹የተረጋጋ ሚዛን›› ይሉታል። ተራው ሰንጢ በኪስ ውስጥ ቢናወጥ፣ ቢወድቅ፣ ባለቤቱ ቢሮጥ ስለቱ ወደ ተዘጋበት ቦታ መመለስን ይመርጣል። ሞላው ጠባቂው ነው።

ሲለወጥስ?

ሰንጢው በቁልፍ እንዲከፈት ሲደረግ የሚገባው አዲስ ሞላ ሥራው የፊተኛው ተቃራኒ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተጠቀለለ ሽቦ ሲሆን ስለቱን ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ሸለቆው አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እርሱም የተከፈተው ሰንጢ ነው። የተዘጋው ሰንጢ ከእንግዲህ ሸለቆ ሳይሆን የኮረብታ ጫፍ ነው። በጫፉ ላይ የቆመው ኳስ እንዳይንከባለል የሚከለክለው ከቁልፉ ጋር የተያያዘች፣ በስለቱ ግርጌ ላይ በተቆፈረች ስርጉድ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የብረት ጥርስ ብቻ ናት። ቁልፉ ሲጫን ጥርሷ ከስርጉዷ ትወጣለች፤ ኳሱም ቁልቁል ይወርዳል።

እንግዲህ ዋናው ለውጥ ይህ ነው። በተራው ሰንጢ ውስጥ ሞላው የመዝጋት ወዳጅ ነበር። በተለወጠው ሰንጢ ውስጥ ሞላው የመክፈት ወዳጅ ሆኗል። ቀድሞ በሞላውና በእጃችን ላይ የቆመው ደኅንነት አሁን ከአንድ ሚሊሜትር በማትበልጥ የብረት ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል።

በክረምት ቁልፉን ሲጫኑት ‹‹ቷ›› ብሎ የሚዘረጋው ጃንጥላም በዚሁ ሕግ ይሠራል። የአይጥ ወጥመድም እንዲሁ። የጃንጥላው ጥርስ ብትስት ግን የሚደርሰው ጉዳት የአጠገባችንን ሰው ማስደንገጥ ነው። የሰንጢው ጥርስ ስትስት በመንገዱ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ስለት ነው።

ጉልበቱ የማን ነው?

‹‹ሞላ›› የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የመኪናን ጠፍጣፋ ሞላ የምንጠራበት ‹‹ባሌስትራ››፣ ብሎን የምንፈታበት ‹‹ካቻቪቴ››ም እንዲሁ ናቸው። መርካቶ ራሱ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገበያው ከአራዳ ወደ አሁኑ ስፍራ ሲዛወር ያገኘው ስም ነው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ ጥንት ፍላጻ የሚወረወርበት የጦር መሣሪያ ስም መሆኑን ልብ ይሏል። የቃሉ ዘር ትክክለኛ ፊዚክስ ይዟል። ቀስት፣ የመኪና ባሌስትራና የሰንጢ ሞላ ሥራቸው አንድ ነውና። ሲጎብጡ የተሰጣቸውን ጉልበት ያስቀምጣሉ፣ ሲለቀቁ ይመልሳሉ።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ ሞላ በተለጠጠ መጠን የሚመልሰው ኃይል በዚያው መጠን እንደሚጨምር ደርሶበት ነበር። ሌላ ሰው እንዳይቀድመው እ.ኤ.አ. በ1676 ግኝቱን ፊደላቱ በተዘበራረቁ እንቆቅልሽ መልክ አሳተመው። እንቆቅልሹን የፈታው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1678 ነው። ዛሬ የሁክ ሕግ እያልን የምናስተምረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። ቁልፉ ጉልበት አይፈጥርም። ሞላውም ከራሱ የሚያመነጨው ጉልበት የለውም። ስለቱን ወደ ውጭ የሚወረውረው ጉልበት፣ ባለቤቱ ሰንጢውን በዘጋ ጊዜ በገዛ እጁ ያስቀመጠው ነው። ሰንጢውን መዝጋት ማለት ወጥመድ ማጥመድ ማለት ነው።

መጠኑን በስሌት እንመልከት። ስለቱ 8 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ግራም ክብደት ያለው ነው እንበል። ለመዝጋት በጫፉ ላይ በአማካይ 1.25 ኒውተን ኃይል ያስፈልገዋል እንበል። ይህ ወደ 130 ግራም የሚጠጋ ነገር በእጅ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው፤ በጣም ትንሽ ነው። የስለቱ ጫፍ በግማሽ ክብ የሚጓዘው መንገድ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ኃይሉን በመንገዱ ስናባዛው 0.31 ጁል እናገኛለን። ይህም 100 ግራም የሚመዝን ሎሚ ከ32 ሳንቲሜትር ቁመት ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ነው።

ሎሚ በእግራችን ላይ ቢወድቅ ማን ይጎዳል? ማንም። ነገር ግን ይህ ጉልበት 30 ግራም ለሆነ ስለት ሲሰጥ ሌላ ውጤት ያመጣል። ሰበቃውን ለጊዜው ትተን ብናሰላው፣ የስለቱ ጫፍ በመጨረሻው ቅጽበት በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ከ28 ኪሎሜትር በላይ ይፈጥናል። ሙሉውን ግማሽ ክብ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ወደ 0.06 ሰከንድ ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። ስለቱ መንገዱን የሚጨርሰው ከዚህ ጊዜ በአንድ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ‹‹ድንገት ቢከፈት እጄን እሰበስባለሁ›› የሚል ሰው የማይቻል ነገር ያስባል። ዓይኑ ያየውን አእምሮው ሳይረዳው ነገሩ ያልቃል።

በዚያ ላይ ስል ጫፍ አለ። ግፊት የሚባለው ኃይል ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጎንና ጎኑ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በሆነ ጫፍ ላይ አንድ ኒውተን ብቻ ቢያርፍ፣ የሚፈጠረው ግፊት ከምንተነፍሰው አየር ግፊት አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቆዳ ይህን አይችልም። የሎሚና የስለት ልዩነት ይኸው ነው።

አንድ ሚሊሜትር ብረት ምን ያህል ይታመናል?

አሁን ወደ ጥርሷ እንመለስ። ሞላው ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቀው ሰንጢው በተዘጋበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ጫፉ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከአማካዩ በግማሽ ያህል ይበልጣል ብለን እንውሰድ። ጥርሷ ያለችው ግን በጫፉ ላይ ሳይሆን ከመዞሪያው ችንካር 5 ሚሊሜትር ያህል ርቃ ነው። በመወሻ ሕግ መሠረት ርቀቱ በ16 እጥፍ ሲያንስ ኃይሉ በ16 እጥፍ ይጨምራል። በመሆኑም ጥርሷ የምትሸከመው 30 ኒውተን፣ ማለትም የ3 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ይህን ጭነት ሰንጢው በኪስ በዋለባቸው ሰዓቶች ሁሉ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለም ጭምር ትሸከማለች።

ጥርሷና ስርጉዷ በትክክል ቀጥ ብለው ከተገናኙ ችግር የለም። ሰንጢው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ግን ጠርዙ ይፋቃል፣ ይዶለዱማል፣ ወደ ተዳፋትነት ይለወጣል። ተዳፋት ላይ ያለን ነገር ከመንሸራተት የሚያግደው ሰበቃ ነው። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ያጋደለ ተዳፋት ላይ ሳይንሸራተት ሊቆም ይችላል። ዘይት የተቀባ ብረት ግን ከ8 ወይም ከ9 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር እናገኛለን። ጠርዟ ተበልቶ ወደ 30 ዲግሪ ያጋደለች ጥርስ ደረቅ እስከሆነች ድረስ በሰበቃ ብቻ ትይዛለች። ባለቤቱ ‹‹ሰንጢዬ ደረቀብኝ›› ብሎ ዘይት ጠብ ያደረገባት ዕለት ግን ሞላው ጥርሷን ወደ 12 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ከስርጉዷ መግፋት ይጀምራል። ከቁልፉ ሥር ያለው ደጋፊ ሞላ 10 ኒውተን ብቻ የሚችል ከሆነ ሰንጢው ማንም ሳይነካው ይከፈታል። ለተራው ሰንጢ መድኃኒት የሆነው ዘይት ለአረጀው የቁልፍ ሰንጢ አደጋ ይሆናል ማለት ነው። ለዓመታት አንድም ቀን ያልሳተ ሰንጢ በጸዳበት ማግስት ቢስት፣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ መውደቅ ነው። ከአንድ ሜትር ቁመት ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ሰንጢ በአንድ ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ቆመ እንበል። የወደቀበት ርቀት ከቆመበት ርቀት አንድ ሺህ እጥፍ ስለሆነ፣ በመቆሚያው ቅጽበት በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነገር ከተፈጥሮ ክብደቱ አንድ ሺህ እጥፍ የከበደ ያህል ወደፊት ሊሄድ ይታገላል። 2 ግራም የምትመዝነው ቁልፍ የ2 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል፣ ማለትም 20 ኒውተን ገደማ ታሳርፋለች። አወዳደቁ በቁልፉ አቅጣጫ ከሆነ 10 ኒውተን የሚችለው ደጋፊ ሞላ ይሸነፋል። ቁልፉም በራሱ ክብደት ራሱን ይጫናል። ለማንሳት ያጎነበሰ እጅ የሚያገኘው የተዘጋ ሰንጢ አይደለም።

ግፊያም አለ። ቁልፉን ለመጫን የሚያስፈልገው የአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ብቻ ነው። በአውቶቡስ ተራ ማለዳ፣ ጓዝ በጀርባ ተሸክሞ ወደ መኪናው በር በሚጋፋ ሕዝብ መካከል፣ ክርን ወይም የሻንጣ ጠርዝ ከዚህ የሚበልጥ ኃይል ማሳረፉ የዘወትር ነገር ነው።

የፋብሪካው እና የእጅ ሥራው በምን ይለያያሉ?

ከመጀመሪያው በቁልፍ እንዲከፈት ታስቦ የሚሠራ ሰንጢ እነዚህን አደጋዎች ለመቀነስ የተለያዩ ዘዴዎች ይደረጉለታል። ቁልፉ ከእጀታው ገጽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ብዙዎቹም ቁልፉን የሚያግድ ተጨማሪ መጠበቂያ አላቸው። በእጅ በተለወጠው ሰንጢ ግን ለተራው ዓይነት በተሠራ አካል ውስጥ ያልታሰበ ጉልበት እናስገባለን። ከዚህ የሚነሡ አራት ችግሮችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የሽቦው ውፍረት ነው። የተጠቀለለ ሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር እኩል አይሄድም፤ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር ጋር እንጂ። የ1 ሚሊሜትር ሽቦ ጠፍቶ በ1.2 ሚሊሜትር ቢተካ፣ ለዓይን ልዩነቱ አይታይም። የሞላው ኃይል ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጥርሷ በ3 ኪሎ ፋንታ ከ6 ኪሎ በላይ ትሸከማለች። የስለቱም ፍጥነት በሰዓት ወደ 40 ኪሎሜትር ይጠጋል። የእጅ ልምድ ብዙ ነገር ይመዝናል፤ የአንድ ሚሊሜትርን አምስተኛ ግን ያለ መለኪያ መለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የስለት ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ከተደረገ በኋላ እንደገና በመጠኑ ሞቆ ነው። ስርጉዷን ለመቆፈር በግራይንደር ሲፋቅ ብረቱ ይግላል። ብረት ሲሞቅ በገጹ ላይ የሚታየው ቀለም ሙቀቱን ይነግረናል። ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። በስርጉዷ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ብረቱ በዚያ ቦታ ከቀድሞው ለስልሷል ማለት ነው። የለሰለሰ ጠርዝ ፈጥኖ ይበላል። ሁሉን የምትሸከመው ጥርስ የምታርፈው በዚያው በለሰለሰው ቦታ ላይ ነው።

ሦስተኛው ማዕዘን ነው። በመርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ አቡጀዲውን ሙሉ በሙሉ በመቀስ አይቆርጥም። ዳሩን በመቀስ ጫፍ ነካ ያደርግና በእጁ ስቦ ይቀደዋል። የመቀሱ ቁርጥ በጫፉ ላይ ኃይሉን ሁሉ ስለሚሰበስብ ጨርቁ በዚያ መስመር ይሸነፋል። በጠንካራ ብረት ላይ በሞረድ የተቆፈረች ሹል ማዕዘን ያላት ስርጉድም እንዲሁ ናት። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ በምህንድስና ሥራ የውስጥ ማዕዘኖች ክብ እንዲሆኑ ይደረጋል።

አራተኛው ምቱ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የተወነጨፈው ስለት አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት። 0.31 ጁል የሆነው ጉልበት በማቆሚያው ላይ በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ውስጥ ቢጠፋ፣ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ3,000 ኒውተን ይበልጣል። ይህም ሦስት ኩንታል ያህል ነው። በእርግጥ የጉልበቱ ከፊል ስለቱንና እጀታውን በማነቃነቅ ስለሚባክን ማቆሚያው ሁሉንም አይቀበልም። ሆኖም ለተራው ሰንጢ የተሠራው ችንካር እንዲህ ላለ ተደጋጋሚ ምት አልታሰበም። የተለወጠ ሰንጢ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስለቱ ግራና ቀኝ የሚላወሰው በዚህ ምክንያት ነው። ችንካሩ ሲላላ ደግሞ ጥርሷና ስርጉዷ ፊት ለፊት መገናኘታቸውን ይተዋሉ። አራቱ ችግሮች አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል።

ሕግ አውጪዎች እና ሸለቆው

በቁልፍ የሚከፈት ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በኒውዮርኩ መሣሪያ ሠሪ በጆርጅ ሽሬድ አማካይነት በፋብሪካ በብዛት ለመመረት የሚመች ቅርፅ አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጣሊያን የመጡ ቀጫጭን የቁልፍ ሰንጢዎች በአሜሪካ ገበያ ተስፋፉ። በፊልሞችም የወሮበላ ምልክት ሆኑ። አሜሪካ በ1958፣ እንግሊዝ በ1959 እነዚህን ሰንጢዎች የሚመለከት ገዳቢ ሕግ አወጡ።

የአሜሪካው ሕግ አገላለጽ ለፊዚክስ ሰው ይጥማል። የሚገድበውን ሰንጢ ሲተረጉም ቁልፍ በመጫን የሚከፈተውን ብቻ አላለም፤ በስበት ወይም በኢነርሺያ፣ ማለትም እጅን በማወናጨፍ የሚከፈተውንም ጨመረ። አንድ እጅ ብቻ ላለው ሰው ግን ስለቱ ከ3 ኢንች (7.6 ሳንቲሜትር ያህል) ካልበለጠ እንዲይዝ ፈቀደ። በእርግጥም በአንድ እጅ መከፈት ለእንዲህ ያለው ሰው ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የ2009ኙ ማሻሻያ ነው። በዚያን ጊዜ በአውራ ጣት ጥቂት ከተገፉ በኋላ ሞላ የሚያግዛቸው አዳዲስ ሰንጢዎች ገበያ ላይ ውለው ነበር። እነዚህን ከተከለከሉት ለመለየት ሕጉ የወሰደው መመዘኛ፣ ስለቱ ወደ መዘጋት የሚያዘነብል መሆኑንና ይህንን ዝንባሌ ለማሸነፍ ሰው በስለቱ ላይ የእጁን ኃይል ማሳረፍ የሚኖርበት መሆኑን ነው። ይህ መመዘኛ በእኛ ቋንቋ ሲነገር ‹‹የተዘጋው ሰንጢ በሸለቆ ውስጥ ነው ወይስ በኮረብታ ጫፍ ላይ?›› የሚለው ጥያቄ ነው። ሕግ አውጪውና የፊዚክስ መምህሩ በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ተገናኝተዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሰንጢ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ቀላል ፈተና አለ። ስለቱን ጥቂት፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል፣ በጥንቃቄ ከፈት አድርጎ መልቀቅ ነው። ስለቱ ተመልሶ ከተዘጋ ሰንጢው በሸለቆ ውስጥ ነው፤ በኪስ ሊያዝ ይችላል። ባለበት ከቆመ ሞላው ደክሟል ማለት ነው። በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ግን ይህን ፈተና መሞከር አይገባም፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃልና። እንዲህ ያለው ሰንጢ በኪስ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ለልጆች እጅም ፈጽሞ አይሰጥም።

በአንድ እጅ መክፈት በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው፣ ለምሳሌ በሌላው እጁ ገመድ ወይም ከብት የያዘ ሰው፣ ለዚህ ጥቅም ሲል ሸለቆውን ማጣት የለበትም። በስለቱ ላይ ለአውራ ጣት የሚሆን ቀዳዳ ወይም ጉጥ ያላቸው ሰንጢዎች አሉ። በእነዚህ ውስጥ ኮረብታውን የሚያሻግረው አውራ ጣት ነው። ፍጥነታቸው ከቁልፉ ሰንጢ ብዙም አያንስም። ጉልበቱ ግን በኪስ ውስጥ ተጠምዶ አይቀመጥም፤ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ከእጅ ይመጣል።

የእጅ ባለሙያዎቻችንን በሚመለከት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው ምናለሽ ተራ፣ ያገለገለ ብረት፣ በርሜልና ጎማ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ከመቶው 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ያለው የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ ሆኖ ይወጣል። የብረቱን ቀለም አይቶ ሙቀቱን የሚያውቅ ቀጥቃጭ በዓይኑ የሚያነበው፣ እኛ በመጽሐፍ የምናስተምረውን ነው። እንዲህ ያለ እጅ ሰንጢን መለወጥ አያቅተውም። ነገር ግን ‹‹ይከፈታልን?›› ከሚለው ጥያቄ በፊት ‹‹ተዘግቶ ሲውል የሚይዘው ምንድን ነው?›› የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት። ለመጀመሪያው ጥያቄ ደንበኛው እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ መልስ ያገኛል። የሁለተኛው መልስ የሚታወቀው ግን ከወራት በኋላ፣ ባለሙያው በሌለበት፣ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።